ፀሐይን በመስኮት ማስገባት፦ ለሐረር ቀዝቃዛ ክፍል የመስታወት ሥራ

ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ጥር ላይ ልትጠይቀን ስትመጣ የደንገጎን ዳገት ሳትጨርስ ሹራቧን ከቦርሳ ታወጣለች። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና ስትጋገር ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ተጠግታ ትቀዘቅዛለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። የሚያናድደው ደግሞ ቀን ቀን ፀሐዩ አናት የሚበሳ መሆኑ ነው። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትሞቅ ትውልና ማታ መኝታ ቤቷ ስትገባ ቁርጥማቷ ይነሳል። ያ ሁሉ ፀሐይ ደጅ ሲፈስ ውሎ አንድም ጭላጭ ቤት አይገባም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ መስኮቱን በማስተካከል ለማሞቅ የሠራሁት ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፤ ገንዘብ ያስወጡኝ ስለሆኑ በነፃ ብትማሩባቸው ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን ጥርት ያለ መስታወትን አልፎ ይገባል። ወለልና ግድግዳ ሲመታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሞቀው ወለል መልሶ የሚረጨው የሙቀት ጨረር ግን መስታወቱን አልፎ መውጣት አይችልም። ፀሐይ ላይ ቆማ የዋለች መኪና ውስጥ ስትገቡ የሚያፍናችሁ ይኸው ነው። ነገር ግን ያቺው መኪና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወዲያው ትቀዘቅዛለች። ሙቀቱን የሚያጠራቅም ከባድ ነገር የላትም፤ መስታወቷም ማታ ሙቀት ያባክናል። ስለዚህ ሥራው ሦስት ነው፤ ቀን ማስገባት፣ ማጠራቀም፣ ማታ መዝጋት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ «አልሠራም» ይላል።

ከመስታወቱ በፊት ጣሪያውን እዩ

ክፍሉ ኮርኒስ ከሌለው ስለ መስኮት አታስቡ። ባዶ ቆርቆሮ ጥርት ባለ የታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል። መጀመሪያ ኮርኒስ አሠሩ፤ ከዚያ ወደዚህ ጽሑፍ ተመለሱ።

ቤታችሁ ጀጎል (በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ) ውስጥ ከሆነ ደግሞ ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁ። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። አዲስ መስኮት መክፈት እንደ ሌላው ሰፈር ቀላል አይደለም። ባለው መስኮት ላይ መጋረጃና ማሸጊያ መሥራት ግን ይቻላል።

ደቡብን መፈለግ

ከጀጎል ሆናችሁ ካያችሁ ሀኪም ተራራ በደቡብ በኩል ነው። ለግምት ይበቃል፤ ለሥራ ግን አይበቃም። የስልክ ኮምፓስ መጠቀም ይቻላል፤ ከብረት መስኮትና ከአርማታ ራቅ ብላችሁ ግቢው መሀል ቁሙ፤ አለበለዚያ ብረቱ ያሳስተዋል።

እኔ የማምነው ዱላን ነው። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ ግቢ ውስጥ ትከሉ። መቆሙን በቱንቢ ወይም በውኃ ልክ አረጋግጡ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከሆነ በሐረር ትክክለኛው እኩለ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ጥላው ከቀኑ ሁሉ ያጥራል፤ 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥላው የሚያመለክተው ሰሜንን ነው፤ ጀርባው ደቡብ ነው። በኖራ አስምሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። ይህን ሰኔ ላይ ካደረጋችሁት ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። ሐረር ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትውለው በሰሜን በኩል ነው። የብርድ ወራት ፀሐይ ግን በደቡብ ናት። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። የደቡብ መስኮት ሲበርድ ፀሐይ ያገኛል፤ በሙቀቱ ወር አያገኝም። ከዚህ የተሻለ ስጦታ የት ይገኛል?

የትኛው መስኮት?

ስለዚህ ነገር የሚጻፈው አብዛኛው የቀዝቃዛ አገር ሰዎች ያዘጋጁት ነው። ደቡብ፣ ደቡብ፣ ደቡብ ይላል። እዚያ አገር ክረምት ላይ ፀሐይ ከአድማስ ብዙም አትነሳም፤ በደቡብ መስኮት አግድም ገብታ ክፍሉን ጥግ ድረስ ታጥበዋለች። እኛ ጋ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት። ከላይ ወደ ታች ነው የምትገባው። የመስኮቱ አናት ከወለል 2 ሜትር ከ10 ከሆነ ብርሃኑ ወለሉ ላይ የሚደርሰው 1 ሜትር ከ35 ያህል ብቻ ነው። አልጋው ጋ አይደርስም።

የጠዋት ፀሐይ ግን ሌላ ነገር ናት። ታኅሣሥ ላይ የምትወጣው ከምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ነው። ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያይ መስታወትን ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ወደ ክፍሉም ጠልቃ ትገባለች። ያውም ክፍሉ በጣም በቀዘቀዘበት ሰዓት። እናቴ ለሱብሒ ተነስታ ከሰገደች በኋላ ቁጭ የምትልበት ጥግ አለ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ ናት።

ስለዚህ ለሐረር የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ምርጫ ካላችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ምረጡ። ከሌለ አንድ የደቡብና አንድ የምሥራቅ መስኮት ተጋግዘው ይሠራሉ። ወደ ምዕራብ የሚያየውን ተዉት። የከሰዓት ፀሐይ ቀድሞ በሞቀ ክፍል ላይ ነው የምትመጣው፤ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ላብ በላብ ከመሆን ውጪ ጥቅሙ ትንሽ ነው። የሰሜኑ መስኮት በብርድ ወር ቀጥታ ፀሐይ አያይም፤ ትንሽ ይሁን።

የጣሪያው ጥላ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሸነፈው። ለዝናብ ብለን ጣሪያውን 60 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር እናስወጣዋለን። ሒሳቡ ቀላል ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን የጣሪያው ጥላ ደቡብ ግድግዳ ላይ የሚወርደው የወጣውን ርዝመት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ነው። ጣሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ከወጣ ጥላው 90 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የመስኮቱ አናት ከጣሪያው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ካለ፣ የላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር መስታወት በጥላ ነው። የከፈላችሁበት ግማሹ ሥራ ፈት ሆነ ማለት ነው።

30 ሴንቲ ሜትር የወጣ ከሆነ ግን ጥላው በታኅሣሥ 46 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። ያው ጣሪያ መጋቢት 12 አካባቢ፣ ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ፣ 1 ሜትር ከ80 የሚደርስ ጥላ ያወርዳል፤ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ማንም ሳይነካው ሲበርድ ይከፍታል፣ ሲሞቅ ይዘጋል።

ጣሪያችሁ ረጅም ከሆነ አትቁረጡት። ዝናቡ ግድግዳውን ይበላዋል። ይልቅ መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። የምሥራቁ መስኮት በዚህ ጣጣ ውስጥ የለም፤ ፀሐይዋ ከጣሪያው ሥር ነው የምትገባው። እሱን የሚከልለው የጎረቤት ፎቅና ዛፍ ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ጥላው የት እንደሚወድቅ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አንድ ጠዋት ማባከን ነው፤ ግድግዳ ከፈረሰ በኋላ ከመጸጸት ይሻላል።

ምን ያህል መስታወት?

ከወለሉ ስፋት ከመቶ 10 እስከ 12 ያህል ጀምሩ። 4 በ4 የሆነ ክፍል 16 ካሬ ነው፤ ከ1.6 እስከ 2 ካሬ መስታወት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከበዛ እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ ያፍናል፣ ሌሊት ደግሞ በዚያው በሰፊው መስታወት ይበርዳል። ግድግዳ ሙሉ መስታወት የሚያሠሩ ሰዎችን አያለሁ። ለፎቶ ያምራል።

መስታወት መምረጥ፦ የመጀመሪያው ስህተቴ

መስታወት ቤት ስሄድ ሻጩ «ሰማያዊውን አንጸባራቂ ውሰድ፣ ዘመናዊው እሱ ነው» አለኝ። ከደጅ ሲታይ እውነትም ያምራል። ወሰድኩ። ታኅሣሥ መጣ፤ ክፍሉ እንደ ድሮው በረዶ። አንድ ቀን እጄን ከውጭ መስታወቱ ላይ ሳደርግ ገባኝ። መስታወቱ ራሱ ይግላል፤ ፀሐይዋን እሱው ይውጣታል ወይም ወደ ጎረቤት ግድግዳ ይመልሳታል። እንዲህ ያለ መስታወት የተሠራው ሙቀትን ለመከልከል ነው። ለድሬዳዋ የምዕራብ መስኮት ይሁን። ለእናቴ ክፍል ግን በገንዘቤ ጥላ ገዝቼ ነበር።

የምትፈልጉት ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው፣ ተራ መስታወት ነው። የሚያርፍበትን ፀሐይ ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ያስገባል። ሰው እንዳያይ ብላችሁ የደበዘዘ መስታወት ከፈለጋችሁ ለታችኛው ግማሽ አድርጉት፤ ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ ብዙ አያስቀርም። ቅጠልያና ቡናማውን ግን ለዚህ ሥራ አትግዙ።

ውፍረቱ ለሙቀት ብዙ ለውጥ የለውም፤ ለጥንካሬ ነው። ከአንድ ካሬ ለማይበልጥ ቁራጭ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ 6 ሚሊ ሜትር ውሰዱ። 4 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል፤ 6 ሚሊው 15 ኪሎ። ማጠፊያውን ስትመርጡ ይህን አስቡ። እስከ ወለል የሚወርድ መስኮት ካሠራችሁ ልጅ ሊጋጨው ስለሚችል ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) መስታወት ይሁን።

ባለ ሁለት ንብርብር ያስፈልጋል ወይ? እስቲ በቁጥር እንየው። ሰማይ ጥርት ባለ የታኅሣሥ ቀን፣ ጥላ የሌለበት አንድ ካሬ የደቡብ መስታወት እኩለ ቀን ላይ በግምት 400 ዋት ያስገባል፤ በቀን ሲደመር ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ማታ ውስጡ 18፣ ውጭው 8 ዲግሪ ቢሆን ያው አንድ ካሬ ነጠላ መስታወት ወደ 58 ዋት ያባክናል። ለ13 ሰዓት ሲባዛ 0.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ትርፉ የእኛ ነው። ድርብ መስታወት የሌሊቱን ብክነት በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ለሐረር ነጠላ ጥርት ያለ መስታወትና ወፍራም መጋረጃ ይበቃል ባይ ነኝ። አቅሙ ያለው ድርብ ቢያደርግ አልከለክልም፤ ክፍተቱ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁንና ፋብሪካ የታሸገ ይሁን። ሁለት ተራ መስታወት በቤት ውስጥ ደራርቦ በሲሊኮን ማጣበቅ ግን አያዋጣም። መሀሉ ላብ ይይዛል፣ ከዚያም ለዘለዓለም ይደበዝዛል።

መግጠም፦ ሁለተኛው ስህተት

ሰማያዊውን አስወጥቼ ጥርቱን ሳስገባ ባለሙያው የፍሬሙን ልክ ጥርቅም አድርጎ ቆረጠ። «እንዳይንቀሳቀስ» ብሎ። በሁለተኛው ሳምንት ከቀትር በኋላ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ብረት በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። መስታወቱ መተንፈሻ ከሌለው መሰንጠቁ አይቀርም።

ስለዚህ ሲለካ አብራችሁ ቁሙ። የፍሬሙን ወርድ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ለኩ፤ ትንሹን ያዙ። ቁመቱንም እንዲሁ። ከጥግ ወደ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ጠሟል፤ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ከዚያ ከወርዱም ከቁመቱም ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቀንሳችሁ አስቆርጡ፤ በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ክፍተት ይቀራል። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ የጎማ ቁራጮች አስቀምጡ፤ መስታወት በቀጥታ ብረት ላይ አይቀመጥም። የብረቱን ዝገት ጠርጋችሁ ፀረ ዝገት ቀብታችሁ ይድረቅ። ዙሪያውን በስቱኮ ወይም በሲሊኮን ሙሉ። ሲሊኮን ይሻላል፤ ስቱኮ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሲሊኮኑ እስኪጠነክር አንድ ቀን መስኮቱን አትክፈቱ።

በሚከፈተው ክፍል ዙሪያ የስፖንጅ ወይም የጎማ ማሸጊያ ለጥፉ። የብረት መስኮት ትልቁ ጠላት ይህ ስንጥቅ ነው። ማታ ነፋስ ሲነሳ ዕጣን አጭሱና ጭሱን በመስኮቱ ዳር አዙሩት። ጭሱ የታጠፈበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ሽታውም አይከፋም።

የተባይ ወንፊት ካለ በብርድ ወራት ከፀሐይ መስኮቱ ላይ አንሱት፤ ቀላል የማይባል ብርሃን ይበላል። አቧራም እንዲሁ። በሳምንት አንዴ መስታወቱ ይወልወል።

ሙቀቱን የሚያጠራቅመው

ፀሐይዋ የምታርፍበት ወለል ላይ ምንጣፍ ካለ ምንጣፉ ቶሎ ይሞቃል፣ አየሩን ያሞቃል፣ ፀሐይዋ ስትሄድም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለው ሊሾ ምንም አልደረሰውም። በብርድ ወራት ቀን ቀን ያንን ክፍል ምንጣፍ ጠቅልሉት፤ ማታ መልሱት። ሊሾው በደንብ የሚጠቅመው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ነው። ቀለሙ ጠቆር ይበል። ነጭ ሴራሚክ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል። የሐረሪን ቤት ወለልና ነደባ (ከፍ ብሎ የተሠራውን መቀመጫ መደብ) አስታውሱ፤ ያ ጥቁርቁር ያለ ቀይ ለዚህ ሥራ የተቀባ ይመስላል። የድንጋይ ግድግዳውም ወፍራም ነው። የጎደለው መስኮት ብቻ ነበር።

ወለሉን መቀየር ካልቻላችሁ ውኃ አለ። ሐረር ውስጥ ጀሪካን የሌለበት ቤት የለም፤ ውኃ ስትመጣ መሙላት ልማዳችን ነው። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጥቁር ቀብታችሁ ፀሐይዋ በምትመታው የግድግዳ ጥግ ደርድሩ። 100 ሊትር ውኃ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 0.58 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ቀስ እያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ተመሳሳይ መጠን ካለው ሲሚንቶ በእጥፍ ያህል ይይዛል። የልብስ ማጠቢያ ውኃ ይሁን እንጂ የመጠጥ አይሁን። ፀሐይ ላይ በፕላስቲክ የከረመ ውኃ አይጠጣም። እናቴ መጀመሪያ «ቤቴን መጋዘን አደረግኸው» ብላ ተቆጥታ ነበር። አሁን ጨርቅ ጥልፍ አልብሳቸዋለች፤ ጨርቁ ፀሐይዋን እየከለለ እንደሆነ ለመንገር ድፍረቱን አላገኘሁም።

ማታ መዝጋት

ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መስኮቱ ከሚያስገባው የሚያስወጣው ይበልጣል። በዚያ ሰዓት መጋረጃ ዝጉ። ወፍራም፣ ሁለት ድርብ፣ ከመስኮቱ በሁለቱም ጎን 15 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ ከታች ወለል የሚነካ ይሁን። ከታች ክፍት ከሆነ መስታወቱ ያቀዘቀዘው አየር ከሥር ይፈስና እግር ላይ ይመጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክፈቱ። ስስ መጋረጃውንም ጭምር። ይህን የሚሠራ ሰው ቤት ከሌለ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው።

እዚህ ላይ በጣም አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ክፍሉን ካሸጋችሁ በኋላ ከሰል ምድጃ አታስገቡ። በተከፈተ ቤት እንኳ አደገኛ ነው፤ በታሸገ ክፍል ደግሞ ሽታ በሌለው ጋዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ቡና ማፍላት ካለባችሁ በር ይከፈት፤ ከሰሉም ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ።

መሥራቱን ማወቅ

ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙ። ከሥራው በፊት ሦስት ቀን፣ ከሥራው በኋላ ሦስት ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የውስጡንና የውጩን ጻፉ። ቴርሞሜትሩ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይሰቀል። የምትመለከቱት የሁለቱን ልዩነት ነው፤ የውስጡ ብቻ ያታልላል፤ ደመና የዋለበት ቀን ሁሉንም ያዛባል። ልዩነቱ ካልሰፋ መጀመሪያ መጋረጃውን፣ ቀጥሎ ስንጥቁን ጠርጥሩ፤ መስታወቱን መጨረሻ ላይ።

መጋቢት ሲገባ ጀሪካኖቹን አንሱ፣ ወንፊቱን መልሱ። የምሥራቁን መስኮት ጠዋት በመጋረጃ ጋርዱት፤ ሚያዝያ ላይ እሱን ጣሪያ አያድነውም።

እህቴ ይህን ሁሉ አይታ «ለእኔም ቤት ሥራልኝ» አለችኝ። ሳቢያን ነው ቤቷ። ለድሬዳዋ የሚሠራው ተገላቢጦሹ ነው። የምዕራቡን መስኮት ትንሽ አድርጊ ወይም ከውጭ በሸራ ወይም በዛፍ ጋርጂ፤ የውስጥ መጋረጃ ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ስለሆነ ብዙ አይረዳም። ሰማያዊውን አንጸባራቂ መስታወትም እዚያ እንጂ እዚህ አይደለም ቦታው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ በሰሜን ስለምትውል ሰሜኑንም ጣሪያ አስወጪለት። እሷ የምትጠቀምበት መስታወት ደግሞ አለኝ፦ ያ የመጀመሪያው ሰማያዊ እስካሁን ጓሮ ተደግፎ ቆሟል። ልኩን ለክታ ትላክልኝና በሚቀጥለው ጉዞ ይወርድላታል።